እግር ያለው ስጋጃ

የአያቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ስጋጃ እግር ነበረው። ረጅም ገበታ፣ ነጭ የገበታ ልብስ፣ ከገበታው በላይ ዐሥራ ሦስት ሰዎች፤ ከገበታው በታች ደግሞ፣ ልክ መሀሉ ላይ፣ ሁለት ባዶ እግሮች። ሥዕሉ የመጨረሻው እራት ነው፤ እግሮቹም የጌታችን ናቸው። ልጅ ሆኜ ወለሉ ላይ በደረቴ ተኝቼ የቤት ሥራዬን ስሠራ፣ ቀና ባልኩ ቁጥር ዓይኔ መጀመሪያ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነበር። ትልልቆቹ ሰዎች ሶፋው ላይ ተቀምጠው ስለ ፊቶቹ ያወራሉ፤ እኔ የማውቀው እግሮቹን ነው።

ስጋጃውን ያመጣችው አክስቴ ናት። ቤሩት ሦስት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ወደ ደሴ ስትመለስ፣ በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ከሻንጣዋ ወጣ። ያን ቀን ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ እጁን ዘርግቶ ዳሰሰው። ጨርቁ እንደ ከፋይ የለሰለሰ ነው፤ ወደ ላይ ሲደባብሱት ይጠቁራል፣ ወደ ታች ሲደባብሱት ይነጣል። አጎቴ መዶሻው ቢጠፋበት በዘነዘና አራት ምስማር መትቶ ሰቀለው። ከዚያ በፊት በዚያ ግድግዳ ላይ ይኖሩ የነበሩት፣ ወንዝ ዳር ውሃ የሚጠጡት አጋዘኖች፣ ወደ መኝታ ቤት ተዛወሩ። እኔና ታናሽ እህቴ ሰው በሌለበት በጣታችን ስማችንን እየጻፍንበት በመዳፋችን እናጠፋው ነበር። አንድ ቀን ማጥፋቱን ረሳንና የእህቴ ስም በቅዱስ ጴጥሮስ ደረት ላይ ተጽፎ ተገኘ። ሁለታችንም ተገረፍን።

አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ሥዕል ግን ታነብ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችንን ሥዕል እያየ ያደገ ሰው ሳይነገረው የሚያውቀው አንድ ሕግ አለ፤ ደግ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይኑ ይሳላል፤ ክፉ ሰው በጎን ዞሮ አንድ ዓይኑ ብቻ ይታያል። ሰይጣን አብዛኛውን ጊዜ ባለ አንድ ዓይን ነው፤ ሰማዕታትን የሚያሠቃየው ጭፍራም፣ በዓድዋ ሥዕሎች ላይ የሚተኩሰው የጣልያን ወታደርም እንዲሁ። እናም ስጋጃው በተሰቀለ ማግስት አያቴ ወንበር ጎትታ ቀረበችና ይሁዳን ፍለጋ ዓይን መቁጠር ጀመረች። ባለ አንድ ዓይን አምስት ስድስት ሰው አገኘች። «ስንቱ ነው የከዳው?» አለች ግራ ገብቷት።

ብዙ አውጥታ አውርዳ በግራ ዳር የቆመውን፣ ሁለት እጁን ገበታው ላይ ተክሎ አንገቱን ያሰገገውን ሰው ይሁዳ አለችው። በቤታችን ለብዙ ዓመታት ይሁዳ እሱ ሆኖ ኖረ። እንግዳ ሲመጣ በጣት ይጠቆማል፤ ልጆች ምላስ እናወጣበታለን። አድጌ ስለ ሥዕሉ ሳነብ ነው ሰውየው ሐዋርያው በርተሎሜዎስ መሆኑን ያወቅኩት፤ ስንክሳራችን መስከረም 1 ቀን የሚያስበው በርተሎሜዎስ። እንቁጣጣሽ በመጣ ቁጥር ዛሬም ትንሽ እሸማቀቃለሁ። እውነተኛው ይሁዳ ከግራ አራተኛው ነው፤ ክንዱን ገበታው ላይ አስደግፎ፣ ትንሽ ከረጢት ጨብጦ፣ ወደ ኋላ ያፈገፈገው፣ ፊቱ ላይ ጥላ ያጠላበት። ለአያቴ ስነግራት ከረጢቱን አየችና «ገንዘብ የያዘ ሁሉ ይሁዳ ከሆነማ ማን ሊተርፍ ነው?» አለች። በርተሎሜዎስንም አልፈታችውም።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ አንድ የበዓል የቴሌቪዥን ዝግጅት ነው። አቅራቢው በአንድ ሰዓት ውስጥ «ዘመን አይሽሬ» የሚለውን ቃል ዐሥራ አንድ ጊዜ ተጠቀመ፤ ቆጥሬያለሁ። ከተጠሩት ሥራዎች መካከል ገና ሁለት ክረምት ያላዩ ዘፈኖች ነበሩባቸው። ዘመን አይሽረውም ለማለት ቢያንስ አንድ ዘመን ማለፍ የለበትም? እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ለዚህ ጉዳይ «አይኮን» የሚል ቃል አላቸው፤ እነሱም አርክሰውት ለጫማና ለስልክ ሁሉ ይሰጡታል። ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን መነሻው «ምስል» ማለት ነው፤ ኋላም በቤተ ክርስቲያን የሚሰቀለውና የሚሳለመው ሥዕል መጠሪያ ሆነ። እኔ ወደዚያ ወደ መነሻው ብመለስ ይሻለኛል። ጥያቄዬም እንግዲህ ይህ ነው፤ አንድ ሥራ ከሠሪው እጅ ወጥቶ፣ አገር አቋርጦ፣ ስለ ሠሪው ሰምታ የማታውቅ ሴት ሳሎን ውስጥ ቦታ የሚይዘው በምን ኃይል ነው?

በጥራቱ እንዳይባል፣ የእኛ ስጋጃ ጥራት የሚባል ነገር አልነበረውም። የፊልጶስ ፊት ከጎረቤቱ ፊት ጋር ተደባልቋል። ዳቦዎቹ ድንጋይ ይመስላሉ። የሸማኔው መኪና ቀለም አልቆበት ይሁን አይታወቅም፣ ሦስቱ የቀኝ ዳር ሐዋርያት አንድ ዓይነት አረንጓዴ ለብሰዋል። ግን እህቴ አንደኛ ክፍል ሳለች ከሰል አንሥታ የማዕድ ቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ረጅም መስመር አሰመረች፤ ከመስመሩ በላይ ክብ ክብ ራሶችን ደረደረች፤ መሀል ላይ እጁን ግራና ቀኝ የዘረጋ ሰው አስቀመጠች። በማግስቱ ለቡና የመጣችው ሙስሊም ጎረቤታችን ገና ከደጃፉ ላይ ሆና «አቤት! እራቱን ሣለችው!» አለች። ክቦቹ ዘጠኝ ብቻ ነበሩ።

ለራሴ ያገኘሁት መልስ ከዚያ የከሰል ግድግዳ የተነሣ ነው። አንዳንድ ሥራ በመጥፎ እጅ ሲገለበጥ ይሞታል። አንዳንዱ ደግሞ ፊቱ ቢደባለቅ፣ ቀለሙ ቢሳሳት፣ ሰው ቢጎድለው እንኳ ራሱን ሳይለቅ ይቀራል። ዋናውን የሣለው ሊዮናርዶ ዳ ቪንቺ ስድስት ሰው በዚህ፣ ስድስት ሰው በዚያ አድርጎ፣ ሦስት ሦስት እያደረገ አቧድኖ፣ መሀል ላይ አንዱን ብቻውን እንደ ጎጆ ክዳን ከላይ ሹል ከታች ሰፊ አድርጎ ተክሎታል። ያ አጥንት ጠንካራ ነው። ሥጋውን ማንም እንደ አቅሙ ሊያለብሰው ይችላል፤ የቤሩት ገበያ በከፋይ፣ እህቴ በከሰል።

ዋናውን ለማየት ዕድሉን ያገኘሁት ለአጭር የሥራ ሥልጠና ሚላን በተላክሁበት ጊዜ ነው። ሳንታ ማሪያ ዴሌ ግራትሲዬ የሚባል ገዳም አለ፤ ሥዕሉ ያለው በቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሳይሆን መነኮሳቱ ይመገቡበት በነበረው አዳራሽ ጫፍ ግድግዳ ላይ ነው። መግቢያው አስቀድሞ በቀጠሮ ይገዛል። ጥቂት ሰዎች በአንድ ላይ ይገባሉ፤ አንዱ የመስታወት በር ካልተዘጋ ቀጣዩ አይከፈትም፤ አቧራና እርጥበት አብሮ እንዳይገባ ነው። ከዚያ 15 ደቂቃ ይሰጣል። ስፋቱ 8 ሜትር ከ80፣ ቁመቱ 4 ሜትር ከ60 ነው። እኔ የለመድኩት የአንድ ሶፋ ርዝመት ነበር።

ቀለሙ ብዙ ጊዜ እንደታጠበ የነጠላ ጥለት ደብዝዟል። ሐዋርያቱን ለየኋቸው፤ በርተሎሜዎስን በልቤ ይቅርታ ጠየቅሁት። ጌታ አክሊለ ብርሃን የለውም፤ የእኛ ስጋጃ ላይ በራሱ ዙሪያ የወርቅ ክብ ነበረ፣ እዚህ ግን ከራሱ በስተጀርባ ያለው መስኮትና ከመስኮቱ ባሻገር ያለው ሰማይ ብቻ ነው። ከዚያ ዓይኔ እንደ ልማዱ ወደ ታች ወረደ።

እግር የለም። እግሮቹ መሆን ያለባቸው ቦታ ላይ የበር ቅስት አለ፤ የገበታውን ልብስ ጫፍ ገምሶ የገባ፣ ኋላ የተደፈነ የበር ቅስት። በ1652 (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጽፋለሁ) መነኮሳቱ ከማዕድ ቤቱ የሚያገናኘውን በር ሊያሰፉ ብለው ግድግዳውን ሲቆርጡ የጌታን እግር አብረው ቆረጡት። ሰው የቱንም ያህል ታላቅ ሥራ ቢሆን በየቀኑ ሥሩ ሲበላ ከኖረ ግድግዳ ይሆንበታል መሰለኝ። አጎቴም ዘነዘናውን ይዞ ቢሆን ኖሮ ከዚህ የተለየ ነገር አያደርግም ነበር።

እንደ እውነቱ ከሆነ ሥዕሉ በሩ ሳይቆረጥበትም ታምሞ ነበር። በእርጥብ ልስን ላይ የሚሥል ሰው ልስኑ ሳይደርቅ መጨረስ አለበት፤ እጁ መፍጠን አለበት። ሊዮናርዶ ደግሞ የማይቸኩል ሰው ነበር። ልጅ ሆኖ በገዳሙ የነበረው ደራሲው ማቴዎ ባንዴሎ እንደጻፈው፣ አንዳንድ ቀን ከጠዋት እስከ ማታ ምግብና ውሃ ረስቶ ይሥላል፤ ከዚያ ለቀናት ብሩሽ ሳያነሣ ቆሞ ብቻ ያያል፤ ሌላ ጊዜ በቀትር ፀሐይ ከተማውን አቋርጦ መጥቶ አንድ ሁለት ጊዜ ነካ አድርጎ ይመለሳል። ይህ ጠባይ ከእርጥብ ልስን ጋር አይስማማም። ስለዚህ በ1495 አካባቢ ሲጀምር ደረቅ ግድግዳ ላይ፣ እንደ ሰሌዳ ሥዕል አድርጎ ሠራው። ቀለሙ ግድግዳውን አልያዘውም። ገና ሠሪው በሕይወት ሳለ መርገፍ ጀመረ፤ የሠዓሊዎችን ታሪክ የጻፈው ጆርጆ ቫሳሪ በ1566 ሲያየው ከተዘበራረቀ ነጠብጣብ በቀር የሚታይ ነገር እንዳልነበረ ጽፏል። በ1796 የናፖሊዮን ወታደሮች አዳራሹን ፈረስ ማሰሪያ አደረጉት። በነሐሴ 1943 የተባበሩት ኃይሎች ቦምብ ጣሪያውንና አንዱን የጎን ግድግዳ አፈረሰ፤ ሥዕሉ ያለበት ግድግዳ በአሸዋ ጆንያ ተደግፎ ስለነበር ቆሞ ቀረ። ከ1978 እስከ 1999 ፒኒን ብራምቢላ ባርቺሎን የተባሉ ባለሙያ ከባልደረቦቻቸው ጋር ኋላ የተጨመረውን ቀለም በጥቃቅኑ እያነሡ የቀረውን አዳኑ።

በዚያ ሥራ ከተገለጡት ነገሮች ሁለቱን አያቴ ብትሰማ ኖሮ እላለሁ። አንደኛው፣ በጌታ ራስ ላይ፣ ከቀኝ ዓይኑ ጎን፣ የምስማር ቀዳዳ ተገኝቷል፤ ሊዮናርዶ የአዳራሹ መስመሮች ሁሉ ወደ አንድ ነጥብ እንዲሄዱለት ከዚያ ምስማር ክር እየወጠረ ነበር የሚለካው። ሁለተኛው፣ ሳህኖቹ ላይ ያለው ምግብ ጠራ፤ ዓሣ ነው፣ ከብርቱካን ቁራጭ ጋር። ዓሣ በሁዳዴ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር በአያቴ ቤት ለመቀስቀስ ከዚህ የተሻለ ነገር አይገኝም ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን ስጋጃው ላይ ድንጋይ የመሰለ ዳቦ ብቻ ነበር የሚታየው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የገረመኝ። የጌታን እግር ዛሬ የምናውቀው ከግልባጮቹ ነው። የሊዮናርዶ ተከታይ የነበረው ጃምፒየትሪኖ በ1520 አካባቢ በሸራ ላይ በትልቁ የገለበጠው ሥዕል ለንደን ውስጥ የሮያል አካዳሚ ንብረት ሆኖ አለ፤ እግሮቹ እዚያ ላይ አሉ፣ ይሁዳ ያፈሰሰው የጨው ዕቃም አለ። አዳሾቹ ራሳቸው ሚላን ላይ የጠፋውን ለመረዳት ወደዚህ ግልባጭ ይመለሱ ነበር። በ1800 ራፋኤሎ ሞርገን በመዳብ ቀርጾ ያሳተመው ምስል ደግሞ በአውሮፓ ተበተነ፤ ያኔ ግድግዳው ላይ ያለው እንኳን ሊገለበጥ ሊታይም የሚያስቸግር ነበር። ከመዳቡ ወደ ወረቀት፣ ከወረቀት ወደ ቀን መቁጠሪያ፣ ከቀን መቁጠሪያ ወደ ከፋይ ሲተላለፍ እያንዳንዱ ሰው የራሱን ጨመረበት፤ አንዱ አክሊለ ብርሃን፣ አንዱ አረንጓዴ። እግሮቹን ግን ማንም አልጣለም። ዋናው ሲቆረጥ ግልባጮቹ ያዙት።

አያቴ ጋ ልመለስ። ወር በገባ በ21 የማርያም ማኅበር በተራ እኛ ቤት ሲወጣ የሚመጡ አንድ መሪጌታ ነበሩ። ስጋጃውን አይወዱትም። «እትዬ፣ ይህ እኮ የፈረንጅ ሥዕል ነው፤» ይሏታል፣ ከጠላው ፉት ብለው። ከዚያ ወደ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ዞረው፣ በመስታወት ውስጥ የተቀመጠችውን ምስለ ፍቁር ወልዳን እያሳዩ፣ «የእኛ ይህቺ ናት። እመቤታችን እንዲህ ናት።» አያቴ «እሺ የኔታ» ትላለች። ስጋጃው ግን ከቦታው ንቅንቅ አላለም።

መሪጌታ ስለ ሥርዓቱ ልክ ናቸው፤ ክርክር የለኝም። ስለ ሥዕሏ መንገድ ግን ያኔ እኔም እሳቸውም የማናውቀው ታሪክ አለ። ሮም ውስጥ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ በሚባለው ቤተ ክርስቲያን ጥንታዊ የእመቤታችን ሥዕል አለች። እመቤታችን ልጇን በግራ ክንዷ ታቅፋለች፤ ቀኝ እጇን በግራ እጇ ላይ አመሳቅላ ሁለት ጣቶቿን ዘርግታለች፤ በእጇ መሐረብ ይዛለች፤ ልጁ መጽሐፍ ይዞ ይባርካል። በ1569 ኢየሱሳውያን የተባለው የካቶሊክ ሚስዮናውያን ማኅበር አለቃ የነበሩት ፍራንሲስ ቦርጂያ ሥዕሏን ለማስገልበጥ ከሮማው ጳጳስ ፈቃድ አገኙ። ግልባጮቹ ከሚስዮናውያኑ ጋር ወደ ሕንድ፣ ወደ ቻይና፣ ወደ ኢትዮጵያም ተጓዙ። የቤታችሁን ምስለ ፍቁር ወልዳ ቀረብ ብላችሁ እዩ፤ የተመሳቀሉትን እጆች፣ ሁለቱን ጣቶች፣ መሐረቡን።

የእመቤታችን ሥዕል ከዚያ በፊት አገራችን አልነበረም ማለት አይደለም። በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን፣ ከ1434 እስከ 1468፣ ፍሬ ጽዮንን የመሰሉ ሠዓሊዎች ሌላ ዓይነት ውብ ማርያም ሥለዋል። ግን ከሮም የመጣው አቀማመጥ ያዘና በጎንደር ዘመን ዋናው መልክ ሆነ። ያዘ የምለው በምን ጊዜ እንደሆነ አስቡት። ዐፄ ሱስንዮስ በ1622 የሮምን ሃይማኖት በይፋ ተቀበሉ፤ አገሩ በደም ታጠበ፤ በ1632 ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፤ ፋሲልም ሚስዮናውያኑን አባረሩ። ሃይማኖቱ ተባረረ፣ ሰዎቹ ተባረሩ፣ ሥዕሏ ቀረች። ሠዓሊዎቻችን ዓይኗን አሰፉ፣ ፊቷን በእኛ መልክ ሣሉ፣ ሚካኤልና ገብርኤልን ሰይፍ አስመዝዘው ግራና ቀኝ አቆሙላት፣ ልብሷን በአበባ አስጌጡት። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቆይቶ አንድ የደሴ መሪጌታ «የእኛ ይህቺ ናት» ሲሉ አልተሳሳቱም። ሆናለችና።

ከዚህም የበረታ ምሳሌ አለ። ኰርዓተ ርእሱ የሚባለው፣ የእሾህ አክሊል የደፋው የጌታ ሥዕል፣ የአውሮፓ ሠዓሊ ሥራ ነው፤ በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የተሣለ። ነገሥታቱ በእሱ ፊት ያስምሉ ነበር፤ ወደ ጦር ሜዳም ይዘውት ይወጡ ነበር። በ1744 ዳግማዊ ኢያሱ ሰናር ላይ ሲሸነፉ ተማርኮ ኋላ ተመለሰ። በ1868 መቅደላ ሲወድቅ የብሪቲሽ ሙዚየም ወኪል ሆኖ ከጦሩ ጋር የመጣው ሪቻርድ ሆልምስ ወሰደውና ለሙዚየሙ ሳይሰጥ ለራሱ አስቀረው። እሱ ከሞተ በኋላ በጨረታ ተሸጠ፤ ዞሮ ዞሮ ፖርቱጋል በግለሰብ እጅ ገባ። የጎንደርንና የአካባቢውን አብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ያየ ሰው ግን ያን ፊት፣ ያን አክሊል፣ ያን የተጣጠፈ እጅ ያውቀዋል። ዋናው ይመለስ ብዬ የምጮኽ ሰው ነኝ፤ የተዘረፈ ዕቃ ነው፤ ግልባጭ አለን ተብሎ አይተውም። ዋናው ግድግዳው ላይ በሌለበት በእነዚህ ሁሉ ዓመታት ሰው ፊቱን ሳይረሳ መቆየቱ ግን ለእኔ ከሥዕሉ ያላነሰ የሚደንቅ ነው።

አሁን የሚያስቸግረኝን ልናገር። ተማሪ ሳለሁ አዲስ አበባ አፍሪካ አዳራሽ ገብቼ የአፈወርቅ ተክሌን የመስታወት ሥዕል አየሁ። 150 ካሬ ሜትር ነው፤ ሦስት ታላላቅ መስኮት፤ ያለፈችው፣ የዛሬዋና የነገዋ አፍሪካ። አዳራሹ በ1961 ተመረቀ፤ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 የተመሠረተው እዚያ ነው። ፀሐይዋ ከደመና ስትወጣ ቀዩ ወለሉ ላይ ፈሰሰና ጫማዬ ቀላ። ከዚያ ወዲህ ሚላንንም ጨምሮ ብዙ አይቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ቆሜ የቀረሁበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሆኖም የማንም ዘመዴ ቤት ግድግዳ ላይ አይቼው አላውቅም። ጥፋቱ የሥራው አይመስለኝም። ያ ሥራ ብርሃን ይፈልጋል፣ ቁመት ይፈልጋል፣ ከሥሩ ቆሞ ማነስን ይፈልጋል። ወረቀት ላይ ሲወርድ ቀለም ይሆናል፤ ከፋይ ላይ ቢወርድ ምን እንደሚሆን ማሰብም አልፈልግም። ከሰል ይዛ የምትሥለው አንደኛ ክፍል ተማሪም የለችም። ታላቅ ሥራ ሁሉ ሰው ቤት መግባት አለበት ብዬ አላምንም፤ አንዳንዱ ሰው ወደ እሱ እንዲሄድ የተሠራ ነው።

ዝናም ሌላ ነገር ነው። የሊዮናርዶዋ ሞና ሊዛ በነሐሴ 1911 ከፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ስትሰረቅ ሰው ባዶውን ቦታ ለማየት ተሰለፈ፤ ከዚያ በፊት ሥዕሏ እያለች ያልሄዱት ሁሉ አራት ምስማር ለማየት ሄዱ። ቪንቼንዞ ፔሩጃ የተባለው ሌባ ከሁለት ዓመት በኋላ ፍሎረንስ ላይ ሲያዝ በዓለም ላይ የማያውቃት ጠፋ። ጋዜጣ ይህን ማድረግ ይችላል። እየዳሰሱ የሚያረጁትን ሥዕል ግን ጋዜጣ አይሰጥም።

እየዳሰሱ ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ጸሎተ ሐሙስ ዕለት አያቴ ከሕጽበተ እግሩ ተመልሳ ጉልባኗን ከመቅመሷ በፊት ወደ ስጋጃው ትሄዳለች። የቀኝ እጇን ጣቶች በእግሮቹ ላይ ታሳርፍና ግንባሯን ትነካለች። ኋላ ኋላ በዓመት አንዴ መሆኑ ቀረ፤ ሲያማት፣ የአክስቴ ስልክ ሲዘገይ፣ ልጅ ፈተና ሲኖረው እየሄደች ትነካቸዋለች። መሪጌታ ቢያዩ ምን እንደሚሉ እናውቃለንና ለማንም አልተናገርንም። ስጋጃው ዛሬ እህቴ ቤት ነው። ዘርፉ ተበልቶ ስለነበር ያቺው «እራቱን ሣለችው» ያለችው ጎረቤታችን በነጭ ክር ዘምዝማዋለች። የዐሥራ ሦስቱም ሰዎች ፊት ደህና ነው። እግሮቹ ያሉበት ቦታ ብቻ ጸጉሩ ተመልጦ፣ ክሩ ወጥቶ፣ እጅ የሚያክል ገረጣ ያለ ክብ ሆኗል።

ሚላን ያየሁ ዕለት ማታ ፖርታ ቬኔዚያ ሄድኩ። የሐበሻ ምግብ ቤቶች የሚበዙበት ሰፈር ነው፤ በርበሬው ከመንገድ ላይ ይሸታል። የገባሁበት ቤት ባለቤት ሴት ናት፤ እዚያ ከተማ ሃያ ዓመት ኖራለች። ሽሮ አዘዝኩና ከባንኮኒው ጀርባ ሳይ፣ በመስታወት ውስጥ፣ ያው ገበታ፣ ያው ዐሥራ ሦስት ሰው። ዛሬ ዋናውን አይቼው መምጣቴን ነገርኳት።

«የቱን ዋናውን?»

«ይኸው የአንቺን። እዚሁ ከተማ ውስጥ እኮ ነው ያለው። አይተሽው አታውቂም?»

«እኔ ቤት አለ አይደል እንዴ!» አለች። ከዚያ ትንሽ ቆይታ፣ እንጀራውን እያስቀመጠችልኝ፣ «ያምራል?» ብላ ጠየቀች።

«ያምራል። ግን እግር የለውም።»

«የምን እግር?»

«የጌታ። ተቆርጧል፤ በር ሠርተውበት።»

ዝም ብላ አየችኝ። ከዚያ ወደ ባንኮኒው ሄደች። ሥዕሉ ዝቅ ብሎ የተሰቀለ ስለሆነ የታችኛው ክፍል ከፊቱ በተደረደሩት ጠርሙሶች ተሸፍኗል፤ ሳስበው ለዓመታት እንደተሸፈነ ነው። አንድ በአንድ አንሥታ ወደ ጎን ደረደረቻቸው። አጎንብሳ መስታወቱን በሽርጧ ጫፍ ወለወለችና ፊቷን አስጠግታ አየች።

«እኔ ጋ አለ» አለች።

ሌላ ደንበኛ ገብቶ ጠራት። እጇን ታጥባ ሄደች፤ ጠርሙሶቹንም እንደተደረደሩ በጎን ተወቻቸው።